በሶ የማይገባበት ቤት

ልጆቹ ጠይቀውኝ ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመና ሁላችንም በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ላባችንን እየጠረግን ሳለ፣ ከልጅ ልጆቼ አንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ወንፊት አንጋጦ አየ። «አያቴ» አለኝ፣ «የጭነት ሾፌሮቹ ሁሉ የአንቺን በሶ እያነሱ ያወራሉ። እኛ ግን በዚህ ቤት በሶ ቀምሰን አናውቅም። ተደብቀሽ ነው የምትበጠብጪው?» ሌሎቹ ሳቁ። ትልቋ የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ የእሷ ነው። «ንገሪያቸው» አለችኝ። «እንዲያውም ጻፊው። አንቺ ስታወሪ ከአርሂባ ትነሺና ድሬዳዋ ላይ ነው የምትወርጂው።»

እውነቷን ነው፣ እዞራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋዜጣ ሲያነብ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ስለዚህ የዞረ ነገር ብታገኙ ታገሱኝ፣ መመለሴ አይቀርም።

ወደዚህ ከተማ፣ ወደ ጅቡቲ፣ የመጣነው ባለቤቴ ምድር ባቡር ተቀጥሮ ነው። ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራየን፣ ኋላ ሌላ ክፍል ጨመርን፣ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። እሱ ሲሞትብኝ እጄ ላይ የቀረኝ ሙያ በሶ ነበር። ገብሱን ሾፌሮች ከአገር ያመጡልኛል። እለቅማለሁ፣ እቆላለሁ፣ አስፈጭቼ በዚያች ወንፊት እነፋለሁ። በጅቡቲ ሙቀት እሳት ፊት ቆሞ ገብስ መቁላት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል፤ ላቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ሽታው ግን ወደ አገር ይወስዳል። ፔካ ዱዝ፣ መኪኖቹ የሚቆሙበት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቦታ፣ የእኔን በሶ የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። «የእማማን በሶ ጠጥቼ ከተነሳሁ አዋሽ ድረስ ሆዴ አይጠራኝም» ይሉ ነበር። የታመመ ሲኖር ይልኩብኛል፣ የወለደች ስትኖር ይልኩብኛል። ሰው የሚኮራበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል። የእኔ እሱ ነበር።

ሴት ልጄ ያገባችው አፋር ሾፌር ነው። መልካም ሰው ነው፣ በእሱ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በእናቱ ነበር። ቅሬታ ያልኩት ቃሉን ላሳምረው ብዬ ነው፤ ቅናት ነበር።

ሴትዮዋ ረጅም ናት፣ ስትሄድ ጭንቅላቷ ላይ እንስራ ያለ ይመስል አንገቷ አይነቃነቅም። ያደገችው አሰብ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይጣፍጣል፤ እሱም አናዶኛል። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ጥርሷ ማለቁ ነበር። ከፊት ጥቂት ቀርተውላት ነበር፣ ከኋላ ምንም የለም። ሩቲ፣ ያን ሁሉም ቤት የሚበላውን ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ፣ ማኘክ ስለማትችል ቤቷ አይገባም። እኔ ደግሞ ጥርሴ ሙሉ ነበር። እሷ ስትመጣ ደረቁን ሩቲ ቀጭ ቀጭ እያደረግሁ እበላ ነበር። አዎ፣ እንደዚያ አደርግ ነበር።

ልጅቷ ስትወለድ ለሁለታችንም የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ነበረች። እኔ ገና እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ሴትዮዋ ሕፃኗን ከጨርቋ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። «ግንባሯን እዩት፣ የእኔ ነው» አለች። እየሳቅሁ ጠጋ ብዬ አየሁ። የእሷ ነበር። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ደግሞ እየባሰ ሄደ። አፍንጫው የእሷ፣ ረጃጅሙ ጣት የእሷ፣ መራመድ ስትጀምር አንገቷን ቀጥ አድርጋ መሄዱ የእሷ። ገበያ ይዣት ስሄድ የማያውቁኝ ሴቶች «ይህቺ የአርሂባዋ ሴትዮ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ይሉኛል። አርሂባ አፋሮቹ የሚበዙበት ወደብ አጠገብ ያለው ሰፈር ነው። «የእኔም ናት» እላለሁ። «አሃ» ይላሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ ፊቷን ያያሉ። ሌሊት ተኝታ ሳለች ጆሮዋን ሳይቀር አገላብጬ አይቻለሁ። የእኔ የሆነ ነገር አላገኘሁባትም።

ልጄ ዱባይ ለሥራ ስትሄድ፣ አባትየው ደግሞ መንገድ ላይ ሲከርም፣ ልጅቷ ለሁለታችን ተከፈለች። ትምህርት ቤቷ ለእኔ ይቀርብ ስለነበር የሥራውን ቀናት እኔ ጋ፤ ሐሙስ ማታ ሴትዮዋ መጥታ ትወስዳትና አርብን ከእሷ ጋር ውላ ቅዳሜ ትመልሳታለች። እኔን «አያቴ» ትለኛለች። ሴትዮዋን ግን አባቷ ሲል እየሰማች «ኢና» ትላታለች። ኢና በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። አንድ ቀን «አያት ናት እንጂ እናት አይደለችም» ብዬ ላርማት ሞከርኩ። ልጅቷ አሰበችና «እሺ፣ አንቺንም ኢና ልበልሽ?» አለችኝ። ከሰው የተረፈ ስም አልፈልግም ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ሕመሙ።

ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ አካባቢ ነው የጀመራት። ሆዷ ይነፋል፣ እግሮቿ ግን ይቀጥናሉ። ያስቀምጣታል። አፏ ውስጥ ቁስል አይጠፋም፣ ከንፈሯ ነጭ ነው። አዲስ የበቀሉት የፊት ጥርሶቿ ጠቃጠቆ አለባቸው። ከጓደኞቿ ጋር ሲያቆሟት በቁመት ታናሻቸው ትመስላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ሲሚንቶው ላይ ትተኛለች። ያላደረግሁት የለም። ጠዋት ሩቲ በሻይ፣ ቀን እንጀራ፣ ማታ መኮሮኒ። በተለይ ደግሞ በሶ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በማር በጥብጬ፣ ስትተኛ በቅቤ ጨብጬ። እየከሳች ስትሄድ እኔ እያወፈርኩት ሄድኩ፣ በሶውን ማለቴ ነው። ሾፌሩን ሁሉ ያቆመ በሶ አንዲት ልጅ ማቆም እንዴት ያቅተዋል?

የሚያቃጥለኝ ምን ነበር መሰላችሁ? ሐሙስ እንደ ቅጠል ጠውልጋ ትሄድና ቅዳሜ ሆዷ ተንፍሶ፣ እየዘለለች ትመጣለች። ማክሰኞ ላይ እንደገና ትወድቃለች። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምነው እዚህ ይከፋታል?» አለችኝ አንድ ቅዳሜ።

«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

«የአርሂባ ሙቀት ሌላ ነው?»

«አንቺ ጋ ሁለት ቀን ነው የምትቆየው። ሁለት ቀን እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ ይስቃል!»

አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐምሲን የሚባለው የእሳት ነፋስ ሲነሳ፣ ሴትዮዋ ልጅቷን ይዛ በጀልባ ወደ ታጁራ፣ ወደ ዘመዶቿ ተሻገረች። ክረምቱን እዚያው ከረሙ። ሲመለሱ ወደቡ ላይ ልቀበላቸው ሄድኩ። ልጅቷን አላወቅኋትም። ጉንጭ አውጥታለች። ቀሚሷ አጥሯል። እየሮጠች መጥታ ስታቅፈኝ ክብደቷ ወደ ኋላ ገፋኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ግን ልጅቷን እንዳቀፍኩ በትከሻዋ ላይ የማየው ሴትዮዋን ነበር። ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ ትስቃለች። ደስታዬን ከእጄ ነጥቃ እሷ የምትስቅልኝ መሰለኝ።

«ምን ስታበያት ከረምሽ?» አልኳት።

«ምን አበላታለሁ? እኔ የምበላውን ነው። ዓሣ በሩዝ። የበቆሎ ገንፎ በቅቤ። ጥርስ ለሌለው የሚሆን ነዋ።»

ትምህርት ተከፈተ፣ ልጅቷ ወደ እኔ ተመለሰች። ጥቂት ሳምንታት አልቆየም፣ ጉንጩ ጠፋ።

ማዕከላዊ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት የሐረር ሴት ነበረች፣ የልቤን የምነግራት። ነገርኳት። ሚዛኗን አስቀምጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ይሄማ ግልጽ ነው። አስደርጋባት ነው።»

«ኧረ ተይ!»

«ምኑን እተወዋለሁ? እሷ ጋ ስትሆን የሚለቃት፣ አንቺ ጋ ስትሆን የሚይዛት በሽታ አለ? ልጅቷን ልትጠቀልላት ነው። በይ አስቢበት፣ ልብስ ሰጥታታለች?»

«ቀሚስ ገዝታላታለች።»

«አየሽ!»

ቀሚሱን ወስጄ ጨው ባለው ውሃ አጠብኩት። ቀለሙ ለቀቀ እንጂ ልጅቷ አልተሻላትም። ቀሚሱ ቢጫ ነበር፣ የምትወደው። ስታየው አለቀሰች። አሁን ሳስበው የበርበሬዋን ሴት አልወቅሳትም፤ እኔ መስማት የፈለግሁትን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ አባትየው መጣ። መኪናውን ወደብ አራግፎ፣ ተጣጥቦ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጣ። ያን ያህል ፍራፍሬ ይዞ የመጣ ሰው ከባድ ነገር ሊናገር እንደሆነ ገባኝ።

«እማማ» አለኝ፣ «እርስዎ እናቴ ነዎት። እንዳይቀየሙኝ።»

«ተናገር።»

«ልጅቷ አርሂባ ትሁን። ለሁልጊዜ። እርስዎ ጋ ደግሞ አርብ አርብ ትመጣለች። ለትምህርት ቤቱ መኪና ይፈለጋል።»

ልጅቷ በሩ ጋ ተቀምጣ ትሰማለች። ሴት ልጄ ዱባይ፣ ባሌ መቃብር፣ ወንድ ልጄ በዚያን ጊዜ ገና ከአገር አልመጣም። ይህች ልጅ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚተነፍሰው የእኔ ገብስ ብቻ ነው። «ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት» አልኩት። «ሐኪሙ የሚለውን እንስማና ያኔ ታደርገዋለህ።» እሺ አለ። ጥሩ ልጅ ነው ብያችኋለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ። ነርሷ በሶማሊኛ ትነግረኛለች፣ ሶማሊኛ የገበያዬ ቋንቋ ስለሆነ በደንብ እሰማለሁ። ደሟን ወሰዱ። ደም የላትም አሉ። ሌላም የደም ምርመራ አደረጉ፣ ከዚያ ደግሞ በጉሮሮዋ ቀጭን ነገር አስገብተው አንጀቷን አዩ። ያን ቀን እኔና ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሁለታችንም መቁጠሪያ ይዘናል፣ እሷ የእሷን እኔ የእኔን። ቀድማ እንዳትጨርስ እያየሁ እጸልይ ነበር።

ሐኪሟ የነገረችን ይህ ነው። ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ዳቦ እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ይህን ነገር እንደ ጠላት ያየዋል፤ ሊዋጋው ሲነሳ የራሱን አንጀት ይመታል። አንጀት ሲቆስል ምግብ ቢገባም አይያዝም፣ ያልፋል። ስለዚህ ሕመሙ ሆድ ላይ አይቀርም። ደም ማነሱ ከዚያ ነው፣ የአፍ ቁስሉ፣ የጥርሱ ጠቃጠቆ፣ አለማደጉ። «አጥንትም ያሳሳል። ከስኳር በሽታና ከእንቅርት ጋርም አብሮ የሚታይበት ጊዜ አለ» አለች። «አንዱ ሌላውን ያመጣዋል ወይ?» አልኩ። «አብረው ይገኛሉ ነው የምለው፤ ይሄ ያንን አመጣው ብዬ አልምልልሽም። እየተከታተልን እናያለን» አለች። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፣ ዕድሜ ልክ።

«ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆጠርኩላት። ሩቲ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ ጤፉ ስንዴ የተቀላቀለበት የገበያ እንጀራ። ሁሉንም ከለከለችኝ። በሶን አልቆጠርኩም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ በሶ ለእኔ ምግብ አልነበረም። አቅም ነው። ሰው «ምን በላህ?» ሲባል በሶ ይላል እንዴ? ሾፌር ይጠጣዋል፣ ወታደር ይዞት ይሄዳል፣ አራስ ትበረታበታለች። ለሐኪሟም ጅቡቲ ውስጥ ገብስ የሚበላ ቤት ይኖራል ብሎ ማሰብ ከየት ይምጣላት? እኔም የሰማሁት ስንዴ መከልከሉን ነው። ገብስ ደግሞ ገብስ ነው።

ያን ቀን ከክሊኒኩ የወጣሁት ደስ እያለኝ ነው። ልጅቷ አልተደረገባትም፣ እኔም አልበደልኳት፣ ጥፋቱ የሩቲ ነው። ሴትዮዋም ልጅቷን ያሻላት ጥርስ ማጣቷ እንጂ እጇ አይደለም! ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት።

ሩቲ ከቤቴ ወጣ። መኮሮኒው ለጎረቤት ተሰጠ። ንጹሕ ጤፍ ከአገር አስመጣሁ። እኔ ራሴ ያን ቀጭ ቀጭ የምለውን ደረቅ ዳቦ ተውኩ። እናም ልጅቷ እንድትጠነክር በሶውን እጥፍ አደረግሁት።

አልተሻላትም። ትንሽ ቀለል አላት እንጂ ሆዷ ይነፋል፣ ትተኛለች። አርሂባ ስትሄድ ግን ያው ነው፣ ትፈካለች። አሁን ምን ልበል? ሩቲ የለም፣ ስንዴ የለም። የቀረው እኔ ነኝ። ቅናት ሰው አጥንት ውስጥ እንደሚገባ ያኔ አወቅሁ። ሴትዮዋ ስትጠራት «ኢና!» ብላ ስትሮጥ ጆሮዬን እይዛለሁ። አባትየው ከመንገድ ሊመለስ ቀርቧል። ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አልኩ። አንድ አርብ ነጠላዬን ለብሼ፣ አንድ ከረጢት በሶ ይዤ፣ አርሂባ ሄድኩ።

በር ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እንግዳ አትቀበሉም?»

«ግቢ፣ ግቢ! ዛሬ ዝናብ ይመጣል ማለት ነው።»

ቤቷ ከእኔ ቤት ይጠባል። የምታበስለውን ከጎኗ ቆሜ አየሁ። ዓሣ ጠበሰች፣ ሩዝ ቀቀለች፣ ቲማቲም ከተፈች። ክዳን ሁሉ ስትከፍት አንገቴን አስግጌ አያለሁ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «ጨው» አልኳት። «ጨውማ ከፊትሽ ነው» አለችና ሳቋን ዋጠች። ምንም የለም። ያየሁት ዓሣና ሩዝ ነው። ልጅቷ ከእጇ ትበላለች፣ አፏን ሞልታ ታወራለች፣ ትስቃለች። አባትየውም በዚያው ሰዓት ከመንገድ ደርሶ ከሳህኑ ዳር ተቀመጠ። እኔም በላሁ። ዓሣው ይጣፍጥ ነበር፣ እሱንም ልናገር።

ምግቡ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ከረጢቴን አወጣሁ። አባትየው ያይልኝ ብዬ ነበር፣ እሱ ግን መኪናውን ሊያይ ብድግ ብሎ ወጣ። ቅቤ ጠየቅኋት፣ ሰጠችኝ። በሶውን ጨብጬ፣ እንደ እንቁላል አድቦልቡዬ፣ «የእኔ ቆንጆ፣ ይሄንንስ ማን ይሠራልሻል?» አልኳት። ልጅቷ መጀመሪያ ኢናን አየች፣ ከዚያ እኔን። ሆዷ ጠግቧል። ግን እጄን አይታ በላችልኝ፣ አንዱን፣ ሌላውን። የእኔ ልጅ ደግ ናት፤ ደግነቷ ከማን እንደሆነ አላውቅም።

ጥላው ሳይዞር ሆዷን ይዛ ተጠቀለለች። ከዚያ አስታወከች፣ ታማ በማታውቅበት በዚያ ቤት። ምንጣፉ ላይ የወጣውን ሳይ ዓሣና ሩዝ አልታየኝም፣ የእኔ በሶ ነው የታየኝ። ግራጫው፣ ቅቤው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። የቅዳሜው፣ የማክሰኞው፣ የታጁራው። እጄ ላይ የቀረውን ጭብጦ አየሁት፣ የማን እጅ እንደሆነ ያጣሁ ይመስል።

አባትየው ከውጭ ሮጦ ገባ። «ምን በልታ ነው?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ምንጣፉን አየች፣ እጄን አየች። ገብቷታል፤ ከዓይኗ አውቄዋለሁ። አንድ ቃል ብትናገር ልጅቷ የእሷ ናት፣ ለሁልጊዜ።

«ፀሐይ ነው የመታት» አለች ለልጇ። «ቀኑን ሙሉ ሰፈር ስትዞር ነው የዋለችው። ሂድ ውሃ አምጣልን።» እሱ ሲወጣ ጎንበስ ብላ ጭብጦውን ከእጄ ወሰደችና በጨርቅ ጠቀለለችው። «ጠዋት ለሐኪሟ አሳዪያት» አለችኝ።

ሰው በጠላቱ ደግነት ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሚኒባሱ ውስጥ እያለቀስኩ የሄድኩት ለልጅቷ ብቻ አልነበረም፣ በዚህም ስለበለጠችኝ ነው።

ሐኪሟ ጭብጦውን አሽትታ፣ ነርሷን አስጠይቃ ገብስ መሆኑን ስትሰማ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። ገብስም ያው ነው፤ ያ ግሉተን ያለበት እህል ነው። መብላቱ ብቻ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ የሚበንነው ዱቄትም እቃ ላይ፣ ሌላ ምግብ ላይ ያርፋል አለችኝ። እኔ በክፍሌ ውስጥ ነው የምነፋው። ልጅቷ የምትተኛው ወንፊቱ ሥር ነበር።

ለሾፌሮቹ በሶ ቆሟል አልኳቸው። ያልተቆጣ የለም። «እማማ፣ በሐበሻ ላይ ፈርደሻል!» አሉኝ። መቁያ ምጣዱን ለበርበሬዋ ሴት ሰጠሁ፣ እኔም ወደ ሽሮ ዞርኩ፣ እሱንም ንጹሕ ሽምብራ ብቻ። ግድግዳውን አጠብን፣ ወለሉን አጠብን፣ ሴትዮዋም ሳልጠራት ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ አብራኝ አጠበች። ወንፊቷን ብቻ አልጣልኳትም። በሙቅ ውሃ ፈትጌ ሰቀልኳት። ባዶ ግድግዳ ማየት አልቻልኩም።

ልጅቷ ቀስ እያለች ተመለሰች። ቁስሉ ጠፋ፣ ሆዷ ገባ፣ ከንፈሯ ቀለም አወጣ። ጥርሷ ላይ ያለው ጠቃጠቆ ብቻ ቀረ። አባትየው እንደ ድሮው ትሁን አለ። ማክሰኞም እንደ ቅዳሜ ሆነ። ሴትዮዋ ያን ነገር ለልጇ አልነገረችውም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላመሰገንኳትም። ሐሙስ ሐሙስ ስትመጣ ግን ለስላሳ ነገር አዘጋጅቼ እጠብቃታለሁ። ቅናቱ አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጅቷ ቁመቷ ሲመዘዝ አንገቷ የእሷ ሆኖ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ «ቁርጥ ኢናዋን!» ሲል፣ እየሳቅሁ አንድ ነገር ይወጋኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። በቅርቡ ምኒልክ አደባባይ ከሚኒባስ ስወርድ፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ምንም አላደናቀፈኝም፣ ወደቅሁና የእጄ አንጓ ተሰበረ። በዚህ አወዳደቅ አጥንት አይሰበርም አሉ። አጥንትሽ ሳስቷል፣ ደምሽም ያንሳል አሉኝ። ደሜ ያነሰው ከልጅነቴ ነው፤ አፌ ውስጥ ቁስል ሲወጣ ሲጠፋ ኖሬያለሁ፣ የሙቀት ነው እል ነበር። ከልጆቼ በፊትና መሃል የወጡብኝ ፅንሶችም ነበሩ። እነሱንም በባቡሩ ጉዞና በዚህች ከተማ እሳት አመካኝቼ ቀብሬያቸዋለሁ። ሾፌሮቹን የሚያበረታውን በሶ ጠጥቼ አንድም ቀን በርትቼ እንደማላውቅ ለማንም አልተናገርኩም። ለገበያዬ ስል ነው። ዳቦውን የተውኩትም ለልጅቷ ነበር፣ እሱም ቤት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ገበያ ወርጄ፣ ሰው ቤት ሄጄ እበላ ነበር።

ያን ቀን ግን ሁሉን ለትልቋ ልጅ አወጣሁላት፤ እሷም ለሐኪሙ ነገረችና «አያቴንም መርምሩልኝ፣ በዘር ይሄዳል ብለውናል» አለች። ሴትዮዋንም አመጣቻት፣ ለሁለታችንም ደም ተወሰደ። ኮሪደሩ ላይ እንደዚያ ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ጥርስ አሁን ሁለታችንም የለንም።

በሴትዮዋ ደም ውስጥ ምንም አልተገኘም። የእኔ ውጤት እንደ ልጅቷ ነበር፤ አንጀቴን ሲያዩትም ያው ነው አሉ። ሐኪሙ ስለ ፅንሶቹ ሲጠየቅ «ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ግን ማንም አያውቀውም» አለኝ። ሴትዮዋ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። «ይኸው» አለችኝ፣ «ስትፈልጊ የኖርሽው።»

ስለዚህ ልጆቼ፣ በሶ እዚህ ቤት የማይገባው ለእህታችሁ ብቻ አይደለም። ግንባሯ የአርሂባዋ ነው፣ አንገቷም፣ ጣቷም። ሆዷ ግን የእኔ ነው፤ ከእኔ ነው የወሰደችው።